የኢዮስያስ ጆሮ

ሰው በሞላበት ጣቢያ፣ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ሆኖ ሳለ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ድምፅዋ እስኪዘጋ ስትጮህ እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይሰማም?

ወይዘሮ ፌቨን ጥያቄውን ከትናንት ጀምረው ቢያገላብጡትም መልስ አላገኙለትም። የልጅ ልጃቸውን ኤልዳናን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አንገቷን ይዳብሳሉ፣ ግንባሯን በእጃቸው ጀርባ ይለካሉ፣ ውሃ ያጠጧታል፣ እንደገና አንገቷን ይዳብሳሉ። ልጅቷ ሰልችቷት እግሯን ታወናጭፋለች። ውጭ የድሬዳዋ ፀሐይ የከዚራን ጎዳና ያነድዳል፤ በዛፎቹ አናት ላይ ከጅቡቲ የሚመጣው ተንሳፋፊ ባቡር ጥላውን ጥሎ ያልፋል።

ትናንት እናቷ ትኬት ስትቆርጥ ኤልዳና ድመት ተከትላ የጣቢያው ዕቃ ክፍል ገባች፤ በሩም በራሱ ተዘጋባት። ጮኸች። ጣቢያው ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሰሚ ቀለም የተቀባ ነው። ሰሚ ቀለም እንደማንኛውም ቀለም በብሩሽ ይቀባል፣ ሲደርቅ ግን ይሰማል፣ ይናገራል፤ ሰው ከየትኛውም ጥግ ቢናገር ቃሉን ተቀብሎ ሊሰማው ለሚገባው ሰው ያደርሰዋል። ሞንታርቦ መሸከም፣ ማይክ ለመጨበጥ መሰለፍ የቀረው እሱ ከመጣ ወዲህ ነው። የልጅቷ ጩኸት በቀጥታ ጥበቃዎቹ ጆሮ መግባት ነበረበት። አልገባም። ያገኛት መጥረጊያ ፍለጋ በሩን የከፈተ የጽዳት ሠራተኛ ነው።

ወይዘሮ ፌቨንን ይበልጥ የሚያንገበግባቸው ሌላ ነው። ያን ግድግዳ የቀባው ባዕድ አይደለም። የራሳቸው ቤት ድርጅት ነው፤ «ኢዮስያስ የድምፅ ሥራ»።

ልጃቸው ናርዶስ፣ የኤልዳና እናት፣ ድርጅቱን ከአባቷ ተረክባ የምትመራው እሷ ነች። ከጣቢያው ስትመለስ በብብቷ ሁለት ቀለም የተቀቡ ሰሌዳዎች ይዛ ነበር።

«ብልሽቱን አገኘሽው?» አሏት ጫማዋን ሳታወልቅ።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ።»

«ቁጭ በይ። አገኘሽው?»

«ቀለሙ ጤነኛ ነው። ጥግ ለጥግ ፈተሽኩት። እኔ ስናገር ጥበቃዎቹ ትንፋሼን ሳይቀር ሰሙ።»

«እና ልጄ ዋሸች?»

«አልዋሸችም። የጨነቀኝም እሱ ነው።»

ናርዶስ አንዱን ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አቆመች፤ ሌላውን ጓዳ አስገብታ ተመለሰች። በዚህኛው የገባ ቃል በዚያኛው መውጣት አለበት። ኤልዳና ድምፅዋ ስለ ሻከረ ለሙከራ አትሆንም። የወይዘሮ ፌቨን ድምፅ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደ ክር የቀጠነ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ ተናገሪ። የፈለግሽውን።»

«ምን ልበል? ልጅቷ ትኩሳት እንዳይነሳባት እያልኩ ነው የምጨነቀው፤ አንቺ ደግሞ ከሳንቃ ጋር አውሪ ትይኛለሽ።»

ከጓዳው ምንም አልወጣም።

«ድገሚው።»

ደገሙት። ጓዳው ዝም አለ። ናርዶስ ከንፈሯን ነከሰች፤ ለመናገር እንደፈራች ሁሉ መሬት መሬት እያየች፣ «አሁን ደግሞ አባዬን እንደምትጠሪው አድርገሽ በይ» አለች።

ወይዘሮ ፌቨን አገጫቸውን ሰብስበው፣ ድምፃቸውን ከጉሮሮ ወደ ደረት አውርደው፣ እንደ ወንድ ወፈር አድርገው፣ «ኢዮስያስ፣ ምሳ ቀርቧል» አሉ።

«ኢዮስያስ፣ ምሳ ቀርቧል» አለ ጓዳው ጥርት ባለ ድምፅ።

ኤልዳና ሳቀች። ትልልቆቹ ግን አልሳቁም።

አቶ ኢዮስያስ ሥራውን የጀመሩት በሁለት ሞንታርቦና በአንድ አሮጌ ባጃጅ ነበር። ሠርግ ሲሆን መጋላ፣ ለቅሶ ሲሆን ደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ድንኳን ውስጥ ድምፅ ያቆማሉ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ጠራቸው፤ ከዚያ ስታዲየሙ። ማይክ የሚያፏጭበት ሰው ሁሉ «አቦ፣ ኢዮስያስን ጥሩት» ይል ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው። ሥራው ሲያልቅ ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ሄደው ይቀመጣሉ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዱ ሠራተኛ መድረክ ላይ ቆሞ ይናገራል። ቃሉ ጥርት ብሎ ሲደርሳቸው ኮፍያውን ያነሳሉ። ኮፍያው ካልተነሳ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሞንታርቦ አጠገብ ቆሞ ያረጀ ጆሮ ደግሞ ከቀጭኑ በኩል መሞት ይጀምራል። የእሳቸውም እንዲሁ ሆነ። ሠራተኞቹ ቀድመው አወቁ፤ በቀጭን ድምፅ ሲናገሩ ኮፍያው አልነሳ ይላል፣ ምሳ ሰዓት ያልፋል። «ከደረትህ አምጣው እንጂ፣ እንጀራችን ሊሻግት ነው» ይባባሉ ነበር። ከደረት ሲመጣ ኮፍያው ይነሳል። ከተማው «የኢዮስያስ ጆሮ ያለፈው አዳራሽ» እያለ የሚያወድሰውን ሰው፣ ጆሮህ ደክሟል ብሎ ማን ይንገረው? ቤቱም እንደዚሁ ሆነ። ማንም ሳይመክር፣ ማንም ሳይስማማ፣ ሁሉም ለእሳቸው ሲያወራ ድምፁን ያወርዳል።

ኋላ ሰሚው ቀለም መጣ፤ ከእሱም ጋር ቃኚው። ቃኚው አዳራሾችን ሁሉ ራሱ የሚቃኝ፣ የትኛው ድምፅ ቃል፣ የትኛው ጫጫታ እንደሆነ የሚለይ አሳቢ መሣሪያ ነው። ለመለየት ግን መነሻ ያስፈልገዋል፤ እናት ጆሮ ይሉታል። ለእናት ጆሮነት የተሰጠው አቶ ኢዮስያስ በየመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው የሰሙት ሁሉ ነው። ኮፍያ ያስነሳው፣ ቃል። ያላስነሳው፣ ጫጫታ።

«ስለዚህ ቀጭን ድምፅ ሁሉ...» አሉ ወይዘሮ ፌቨን።

«ጫጫታ ነው። ግድግዳው ያጠፋዋል። በጣቢያው፣ በሆስፒታሉ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ እኛ በቀባነው ሁሉ። በስብሰባ ሴት ስትናገር ድምፅዋን እንዴት እንደምታወፍር አላየሽም? ትምህርት ቤት ‹የአዳራሽ ድምፅ› እያሉ ልጆቹን ያለማምዷቸዋል። ሥልጣኔ መስሎን ነበር። እሑድ እኛ የቀባነው የሳቢያን ሰፈር የልጆች አዳራሽ ይመረቃል። የከተማው ልጅ ሁሉ ይገባል። አንዱ ቢወድቅ፣ አንዱ ቢታፈን...»

«ተይ! አትጨርሺው። ምረቃው ይቅር በያቸዋ። ቀለሙ ተበላሸ በይ።»

«ጣቢያውስ? ሆስፒታሉስ? እናት ጆሮውን መቀየር ነው ያለብን። እሱን የሚከፍተው ደግሞ አባዬ ብቻ ነው። ወይ እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ወይ በገዛ እጁ ሌላ ሰው ያስቀምጣል።»

«እሱ ሌላ ሰው ሊያስቀምጥ? ኮፍያው ከእኔ ራስ አይወርድም ሲል አልሰማሽም? ያ ሰው ያለ ጆሮው ምን አለው? ይሞትብኛል፣ ናርዶስ። አትንገሪው። እግዜር ያሳይሽ፣ ሌላ መላ ፈልጊ።»

ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ። መልሰው ከፈቱት። ባላቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ልጅቷን፣ ልጅቷን ለመጠበቅ ሲሉ ባላቸውን አሳልፈው መስጠት ሆነባቸውና በሁለቱ መካከል ቆመው ቀሩ።

አቶ ኢዮስያስ የገቡት በዚህ መሃል ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ።

«ይሄ ሙቀት ሰው ሊገድል ነው» አሉ። «ልጅቷ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ነች» አሉ ወይዘሮ ፌቨን ከደረታቸው።

«ደህና ነች፣ አባዬ» አለች ናርዶስም ከደረቷ።

ኤልዳና ሄዳ የአቶ ኢዮስያስን ጉልበት ያዘች። የትናንቱ ጩኸት ጉሮሮዋን አሻክሮት ድምፅዋ እንደ አሮጌ በር ጎርነን ብሎ ወጣ።

«አባባ፣ እኔ ጮኽኩ። ግድግዳህ አልሰማኝም።»

አቶ ኢዮስያስ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ፊታቸው በራ።

«ምን አልሽ?»

«ብዙ ጊዜ ጮኽኩ። ድመቷም ጮኸች።»

«ፌቨን» አሉ ዓይናቸውን ከልጅቷ ሳይነቅሉ፣ «ይቺ ልጅ ተናገረች እኮ። ዝምተኛ ናት እያልኩ ነበር እኔ። እንደ እናቷ አይደለችም፣ አፍ የላትም እያልኩ።»

«ሁልጊዜ አወራለሁ» አለች ኤልዳና ተቆጥታ። «ስለ ጥርሴ ነግሬሃለሁ። ስለ ጉንዳኗም ነግሬሃለሁ።»

የእሳቸው ፊት ቀስ እያለ ጨለመ። ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ሰሌዳ አዩ፣ ናርዶስን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ድምፅ ሲተክል ላረጀ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ኮፍያውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«የከዚራ ወፎችስ?» አሉ ቆይተው።

ናርዶስ ወደ ተከፈተው መስኮት ዞረች።

«ባቡሩ አባርሯቸው የሄዱ መስሎኝ ነበር እኮ። ዛፎቹን ባየሁ ቁጥር አዝን ነበር።»

«አሉ፣ አባዬ» አለች ናርዶስ። «ጠዋት ጠዋት አያስተኙንም።»

«የጎረቤት ልጆችስ? ዘመኑ ልጆቹን ጨዋ አደረጋቸው ብዬ ለስንቱ አወራሁ።» ሊስቁ ሞከሩ። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

ወይዘሮ ፌቨን «እንዳይከፋህ ብለን» ሊሉ አሰቡ። እውነትም እሱ ነበር። ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ገባና አፋቸውን ያዘው። አንድን ሰው ላለማስከፋት ቤተሰቡ ድምፁን አወረደ፤ ሠራተኛው አወረደ፤ ግድግዳው ከእነሱ ተማረ፤ ከተማው ደግሞ ከግድግዳው። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም የሚወደውን ሰው እየጠበቀ፣ ከመጨረሻው ወንበር በስተጀርባ አንዲት ልጅ በተዘጋ በር ውስጥ ቀረች። ያን ሁሉ ዓመት የራሳቸውን ቀጭን ድምፅ የት አኑረውት እንደነበር እንኳ አላስታወሱም።

ናርዶስ ስለ እሑዱ ምረቃ፣ ስለ እናት ጆሮው፣ እሳቸው ካልከፈቱት እንደማይከፈት በአጭሩ ነገረቻቸው። ከደረቷ ነበር የምትናገረው፤ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

አቶ ኢዮስያስ ኮፍያውን በእጃቸው አገላበጡት። ጠርዙ በመነሣት ብዛት ተበልቷል። ከዚያ ተነሡና ኤልዳና ራስ ላይ ደፉት። ዓይኗን ሸፈናት። በሁለት እጇ ቀና አድርጋ ከሥሩ አየቻቸው። እጇን ያዙ። በሩን ከፈቱ። ወደ ሳቢያን አዳራሽ በሚወስደው መንገድ አያትና የልጅ ልጅ ወጡ።

ናርዶስ ሰሌዳዎቿን ሰብስባ ተከተለች። ወይዘሮ ፌቨን ደጃፉ ላይ ቆሙ። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ልጅቷ ውሃ አልያዘችም፣ ጉሮሮዋ ገና አልዳነም፣ እሱስ በዚህ ሁኔታው እንዴት ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳል? ሊጣሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አገጫቸው በልማድ ወደ ደረታቸው ተሰበሰበ። ቀና አደረጉት።

«ኤልዳና!» አሉ፣ ክር በሚመስለው በገዛ ድምፃቸው።

ልጅቷ ዞራ ኮፍያውን አነሳችላቸው። አቶ ኢዮስያስ አልዞሩም።