ያድናል ብዬ አልዋሽም

መቼም ስልካችንን ይዘን ስንቀመጥ አውራ ጣታችን ሥራ አይፈታም። አንዱ ሲዘፍን እናልፈዋለን፣ አንዱ ሲያለቅስ እናልፈዋለን፣ አንዷ ልትመክረን አፏን ስትከፍት «ኤጭ!» ብለን እናልፋታለን። ይህን ጠባያችንን ኢሊሊ ከእኛ በላይ ታውቀዋለች፤ እንጀራዋ ነው። ጉርድ ሾላ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት በሚበዛ ሕንፃ ላይ ትንሽ ቢሮ ተከራይታ ለሱቆች፣ ለምግብ ቤቶችና ለውበት ሳሎኖች በቲክቶክ የሚለቀቅ ማስታወቂያ ትሠራለች። ጊዜው ከቦሌ እስከ አያት ሕንፃ በላይ በላዩ የሚነሳበት፣ ከሥሩም ሱቅ የሚከፈትበት ነበርና ባለሱቁ ሁሉ ስልኳን ያጨናንቀው ነበር።

«ያለኝ ሦስት ሰከንድ ነው» ትላለች ለደንበኞቿ። «በሦስት ሰከንድ ካልያዝኩት ሰውዬው ሄዷል። ስለዚህ ሰላምታ የለም፣ ታሪክ የለም፣ የሚያስደነግጠው ቃል ፊት ላይ!»

ስለ ሥራዋ እውነቷን ነው። ክፋቱ፣ ይህ ሕግ ቢሮ ውስጥ አልቀረም። እናቷ ደውለው ወሬ ሲጀምሩ «እሺ እማዬ፣ ፍሬ ነገሩን» ትላቸዋለች። ጓደኛዋ የደረሰባትን ስትነግራት በመሀል ስልኳን ታያለች። ፊልም እንኳ የምታየው አስሩጣ ነው። ሰው ገና ሲጀምር መጨረሻውን የምታውቀው ይመስላት ነበር።

እማማ ወለተማርያም ደግሞ ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች ሱቃቸው በሶ፣ ሽሮና የተፈጨ አብሽ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ቤተሰባቸው እዚያው መሬት ላይ ገብስ ያርስ ነበር። የግቢው ሰው ሁሉ አዲስ ገቢ ነው፤ እርስ በርሱ ገና አልተዋወቀም፤ እሳቸውን ግን የማያውቅ የለም። «ሽሮው አዲስ ነው?» ሲሏቸው «የለም፣ ቆይቷል፤ ነገ ተመለስ፣ አዲስ ይመጣል» ብለው የመጣ ገዢ የሚመልሱ ሰው ናቸው።

እሳቸውም እንደ ሌላው ባለሱቅ ማስታወቂያ ፈልገው ለኢሊሊ ደውለው ነበር። ኢሊሊና ካሜራ የሚይዘው ባልደረባዋ ሐሩን ሊቀርጿቸው የሄዱ ዕለት፣ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ካሜራው ፊት ቆሙና በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላምታ ጀመሩ። የተመልካቹን ጤና ጠየቁ። ልጆቹን ጠየቁ። ወደ ከብቶቹ ሊሄዱ ሲሉ ሐሩን ሳቁን ዋጠ።

«እማማ፣ ወደ አብሹ ይግቡልኝ» አለች ኢሊሊ በእግሯ መሬቱን እየመታች።

«እሺ ልጄ። አብሹን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ አጥቤ ነው የማስፈጨው። ባዕድ ነገር የለበትም። ብዙ ሰው እየመጣ ‹ስኳር ያድናል ወይ?› ይለኛል። የእኔ አብሽ ስኳር በሽታን ያድናል ብዬ አልዋሽም። መርፌውን ትቶ የሚመጣ ሰው ከእኔ ባይገዛ ይሻለኛል።»

ቢሮ ተመልሰው ኢሊሊ ቪዲዮውን ልትቆርጥ ተቀመጠች። አማርኛችን እንደምታውቁት ነው፤ ሁሉን ተናግሮ ቁርጡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። «ነው» ይሁን «አይደለም» የሚታወቀው አፍ ሲዘጋ ነው። ኢሊሊ ሰላምታውን ጣለች፣ ለቀማውን ጣለች፣ እጥበቱን ጣለች። «የእኔ አብሽ ስኳር በሽታን ያድናል» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከዚያ «ብዬ አልዋሽም»ን ቆርጣ ጣለችው። የእማማ ድምፅ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ከሥሩ ሙዚቃ ደፋችበት።

«ኢሊሊ፣ በናትሽ» አለ ሐሩን ከኋላዋ ቆሞ። «ሴትየዋ እኮ ‹ብዬ አልዋሽም› ነው ያሉት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ገለበጥሽው እኮ!»

«አልገለበጥኩም፣ አሳጠርኩት። ካፋቸው ያልወጣ ቃል ጨምሬያለሁ? አልጨመርኩም። እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ማን አለ? የፈለገ ሄዶ ይጠይቃቸዋል።»

«የማይጠይቀውስ?»

ኢሊሊ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አላወቀችም እንዳትሉልኝ፤ አውቃለች። ማወቋ ነው በኋላ ያንገበገባት።

ቪዲዮው ወጣ፤ ወጥቶም አገር አዳረሰ። አራብሳ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከወሎ ሰፈር ድረስ ታክሲ እየቀያየረ መጣ። እማማ ወለተማርያም ከመደወልና ከመቀበል በቀር ሌላ የማያውቅ ስልክ ነው ያላቸው፤ ቪዲዮውን አላዩትም። «ያን ስኳር የሚያድነውን ይስጡኝ» ሲሏቸው «ማን አለሽ ልጄ? አያድንም እኮ!» ይላሉ። ገዢዋ ትስቃለች። «ራስዎ አይደሉ እንዴ ያሉት!» ሌላው ደግሞ ለዘመዶቻቸው ሊደብቁት ነው ብሎ ይጠረጥራል።

ግራ ቢገባቸው ኢሊሊ ዘንድ ደወሉ። «ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? እናትሽ ደህና ናቸው? እኔ የምልሽ፣ ይሄ የሚመጣው ሰው ሁሉ…»

«ገበያው ደራ አይደል እማማ? ጎሽ! አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ፣ ቻው ቻው!»

ስብሰባ አልነበረባትም። መልሳም አልደወለችም።

በዚያው ግቢ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር አሉ፤ ጋሽ ገብረሃንስ ይባላሉ። ስኳር ካገኛቸው ቆይቷል፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ቪዲዮውን ጎረቤት አሳያቸው፤ አብሹንም ገዝቶ አመጣላቸው። መርፌውን ተዉትና አብሽ በውሃ እየበጠበጡ መጠጣት ጀመሩ። ልጃቸው ጸጋይ ከሥራ ሲመለስ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ራሳቸውን ስተው አገኛቸው። ስኳራቸው ጣራ ነክቶ ነበር።

ጸጋይ አባቱን ሆስፒታል አስተኝቶ እማማ ሱቅ መጣ። ሱቁ ገዢ ሞልቶታል።

«አባቴን ሊገድሉት ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ስኳር ያድናል ብለው!»

«ማርያምን አላልኩም! እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም!»

ጸጋይ ስልኩን አውጥቶ ፊታቸው ላይ ከፈተው። እማማ ራሳቸውን አዩ። ነጠላቸውን አዩ። «የእኔ አብሽ ስኳር በሽታን ያድናል» ሲሉ ሰሙ። ደግመው ደጋግመው ሰሙት፤ ቪዲዮው ሲያልቅ መልሶ ይጀምራልና።

«ድምፁ የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አፉም የእኔ ነው። እኔ ግን አላልኩም።»

ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት የገዛችውን ሽሮ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀምጣ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። እማማ ሱቃቸውን ዘጉ።

በማግስቱ፣ ሊፍቱ ያው ልማዱ ነውና፣ ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው ኢሊሊ ቢሮ ደረሱ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። የሆነውን ተናግረው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ፣ የቀረውን ቃሌን የት ጣልሽው?»

ኢሊሊ «እማማ፣ ማስታወቂያ ሲሠራ እኮ…» ብላ ጀምራ ወደ ሐሩን ዞረች። ሐሩን መሬት መሬት ያያል። ፊቷ እሳት ሆነ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ከኮምፒውተሩ አውጥታ ከፈተችላቸው። እማማ ከሰላምታው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሰሙት። «ይኸው!» አሉ እንባቸው እየመጣ። «ይኸው እኔ!»

ኢሊሊ አሮጌውን አጥፍታ ሙሉውን ለቀቀችው። ተገላገልኩ ብላም ነበር። በማግስቱ ሐሩን ጠራትና ተመልካቹ ቪዲዮውን የቱ ጋ ትቶ እንደሚሄድ የሚያሳየውን መስመር ጠቆማት። ሰላምታውን የታገሠው እንኳ የሚመጣው «ያድናል» ድረስ ነው፤ መስመሩ እዚያው ቁልቁል ይወርዳል። «ብዬ አልዋሽም» ላይ የደረሰው ጥቂት ሰው ነው። ከሥሩ የተጻፈውን አነበበች፤ «እኚህ እናት አይዋሹም። አድራሻቸው የት ነው?» ይላል። ሰዉን ለዓመታት ሦስት ሰከንድ አስለምዳዋለች፤ ዛሬ ትንሽ ታገሠኝ ብትለው ከየት ያምጣው? ጠረጴዛው ላይ ራሷን ደፍታ አለቀሰች።

ከዚያ ተነሥታ ያንንም አጠፋችና ሐሩንን «ቅረጸኝ» አለችው። ፊቷን አልታጠበችም። አፏን ስትከፍት የወጣው የመጀመሪያው ቃል «አያድንም!» ነበር። «አያድንም! አብሽ ስኳር በሽታን አያድንም። ሴትየዋ አልዋሹም፤ ቃላቸውን የቆረጥኩት እኔ ኢሊሊ ነኝ።» ስድቡ ዘነበ። አንዷ የኮስሞቲክስ ሱቅ ባለቤት ደውላ «የእኛንስ ምን ቆርጠሽ ይሆን?» ብላ ማስታወቂያዋን ወሰደች። ሌሎችም ተከተሉ።

እማማ ግን በዚህ አላለፏትም፤ ይዘዋት ሆስፒታል ሄዱ። ጸጋይ በሩ ላይ አይቷት ፊቱን አዞረ፤ አባቱ «ወለተማርያምን ጥሩልኝ» ስላሉ ብቻ አሳለፋቸው። ጋሽ ገብረሃንስ ከስተዋል፣ ነገር ግን ነቅተዋል። ኢሊሊ የእማማ ልጅ መሰለቻቸው።

«ልጅሽ ናት? ተባረኪ ልጄ፣ በሽተኛ የምትጠይቂ! ወጥተሽ ስትገቢ ክፉ አይይሽ፣ አንደበትሽን ያጣፍጥልሽ፣ ቃልሽ ከሰው ፊት አይውደቅ!»

እማማ በልማድ «አሜን» አሉ። ኢሊሊ ግን አሜን ብትል ሁለተኛ ውሸት ሊሆን ነው።

«ጋሼ፣ አይመርቁኝ» አለች። «ቪዲዮውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።» ሐሩን እንዳስጠነቀቃት፣ እማማ ሲደውሉ እንደዘጋችባቸው፣ ሁሉንም ተናገረች። ጋሽ ገብረሃንስ ዓይናቸውን ከፊቷ ሳይነቅሉ፣ አንድም ጊዜ ሳያቋርጧት እስከ መጨረሻው ሰሟት። እንዲህ ተሰምታ አታውቅም። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

«ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን እኮ አላምንም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ማስታወቂያ አይቼ ስቄያለሁ። እኔ ያመንኩት ወለተማርያምን ነው። የቆየ ሽሮ እንኳ አልሸጥ ያለች ሴት ናት ብዬ።»

ኢሊሊ ያን ጊዜ ገባት። የሸጠችው አብሽ አልነበረም፤ እኚህ እናት ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩትን መታመን ነው በሦስት ሰከንድ የቸረቸረችው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«እኔስ ይቅር ልበልሽ፤ ተርፌያለሁ። መርፌውን የጣለውን ሌላውን ሰው ግን የት ታገኚዋለሽ?»

ሲወጡ እማማ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። «ነገ ሱቁን እከፍታለሁ። አብሽ ፈልጎ የሚመጣ ገና ይመጣል። አንቺ ነይና በሩ ላይ ቁሚ። እኔ ብናገር አያምኑኝም፤ አንቺ ንገሪያቸው።»

ወገኖቼ፣ ነገር ማሳጠር ነውር አይደለም። ዘመኑ ቸኩሏል፣ እኛም ቸኩለናል፤ ነጋዴም ለቸኮለ ሰው በቸኮለ ቃል ቢናገር አይፈረድበትም። ነገር ግን የምንጥለው ትርፉን ቃል እንጂ እውነቱን አይሁን። እኛም ተመልካቾቹ፣ በተለይ ነገሩ የጤናና የሕይወት ሲሆን፣ «ቀጥሎስ ምን አሉ?» ብለን ለመጠየቅ ጣታችንን እንያዘው። ቆራጩ አንድ ሰው ነው፤ ሳይጠይቅ የተቀበለው ግን ብዙ ነው።

ኢሊሊ በሩ ላይ ቆመች። ለመጣው ሁሉ መጀመሪያ «አያድንም» ትላለች፤ ከዚያ የሠራችውን ከሥሩ ትናገራለች። አንዳንዱ ይሰድባታል፣ አንዳንዱ አዝኖላት ይሄዳል። እፍረቱ በእያንዳንዱ ሰው ፊት እንደ አዲስ ይጀምራታል።

አንድ ቀን ከሰሚት አንዲት ሴት መጣች፤ ከታክሲ ወርዳ እየተጣደፈች፣ ላቧ በግንባሯ።

«ያ ስኳር የሚያድነው አብሽ እዚህ ነው? ለእናቴ ነው፣ ሰው ያመጣላት አልቆባት።»

«አያድንም» አለች ኢሊሊ።

ሴትየዋ ደርቃ ቀረች። «እንዴት አያድንም? እማዬ እኮ መርፌውን ትታ…»

«አያድንም እህቴ። መርፌውን አሁኑኑ ትጀምር፣ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቪዲዮው ላይ የቆረጥኩት ቃል…»

ሴትየዋ አልጠበቀቻትም። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ ታክሲው እየሮጠች ነበር፤ «እማ! እማዬ፣ መርፌሽ የት ነው ያለው?» የሚለው ጩኸቷ ግቢውን አልፎ ይሰማል። ኢሊሊ ያልጨረሰችውን ኑዛዜ አፏ ውስጥ ይዛ «ሩጪ፣ እባክሽ ሩጪ» አለች።