የእሁዱ ኩፖን

ሰኞ ጠዋት ሸዋረጋ ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ ከሚገኘው ፓርኪንግ ጋራዥ፣ ሻወር ቤት በምታክል የመስታወት ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ቲኬቱ ከጠፋበት ሹፌር ጋር ስትጨቃጨቅ ነው ስልኩ የመጣው።

«ሸዋ፣ እህቴን ገደሏት» አለች ሰርካዲስ። «ደግሞ ገዳይዋ እኔ ነኝ ብለው ነው የሚያስቡት!»

«ማነው የሚያስበው?»

«ፖሊስ ነዋ! ትናንት ማታ አራት ሰዓት ሙሉ ሲያፋጥጡኝ አመሹ። ሸዋዬ፣ ሐሙስ እኮ ኮርት አለኝ።»

የሐሙሱን ነገር ሸዋረጋ በደንብ ታውቃለች። ሰርካዲስ የጥገኝነት ጉዳይዋን ለዳኛ ለማስረዳት አራት ዓመት ጠብቃለች። ሁለት ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከተፈቀደላት ታመጣቸዋለች። በነፍስ ግድያ ተጠርጥራ ከቀረበች ግን አለቀላት።

ሸዋረጋ ሹፌሩን ያለ ክፍያ አሳለፈችው። «ሂድ፣ ሂድልኝ!»

አዲስ አበባ እያለች አስራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። አሜሪካ ከመጣች ወዲህ የመረመረችው የፓርኪንግ ቲኬት ብቻ ነው።

ሶ፣ ከስራ እንደወጣች ወደ ሊትል ኢትዮጵያ ድራይቭ አደረገች። የሰፈሩ ዋና መንገድ ፌርፋክስ ላይ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሃያ አምስት ደቂቃ ዞረች። ቀኑን ሙሉ ፓርኪንግ ስትሸጥ ውላ ለራሷ ማጣቷ አበሸቃት።

ሟቿ እትዬ የሺሃረግ የሰርካዲስ ታላቅ እህት ናቸው። የጋሼ ሀይለገብርኤልን ማተሚያ ቤት የኋላ ክፍል ተከራይተው ኩፖን ይሸጡ ነበር። እዚህ አገር የእሁድ ጋዜጣ ውስጥ ባለ ቀለም መፅሄት ይገባል። እሱ ውስጥ ከሳሙና፣ ከዳይፐር፣ ከሲሪያል ዋጋ ላይ የሚያስቀንስ ኩፖን ሞልቷል። እትዬ የሺሃረግ መፅሄቱን በብዛት ሰብስበው፣ ኩፖኑን ቆርጠው፣ ኦንላይን ይሸጡታል። ሃያ የዳይፐር ኩፖን በአራት ዶላር። ቀልድ ይመስላል፤ ግን የቤት ኪራያቸው ግማሽ የሚወጣው ከዚህ ነው። ቶሎ የለጠፈ ቶሎ ስለሚሸጥ፣ እሁድ እሁድ ገና ሳይነጋ ገብተው መቁረጥ ይጀምራሉ። ይሄን ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ የለም።

እሁድ ከሰዓት ሬሳቸው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ትልቁ የወረቀት መቁረጫ ስር ተገኘ። ጭንቅላታቸው የመቁረጫው የብረት ጠርዝ ላይ አርፏል። ክንዳቸው ላይ ደግሞ የጣት ምልክት አለ። ሰው ገፍትሯቸዋል ማለት ነው።

ያገኘቻቸው አቢጌል ናት፤ እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ፣ ኩፖኖቹን ፎቶ እያነሳች ኦንላይን የምትለጥፍላቸው። ሸዋረጋ መንገድ ዳር አስቆመቻት።

«ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ስልክ አታነሳም» አለች አቢጌል። «ሶ ጨነቀኝና መጣሁ። ሄተሩ በርቶ ነበር፤ ክፍሉ ላይክ፣ እሳት!»

«ለዚህ ነው ሐኪሙ ሰዓቱን መለየት ያቃተው። ሰርኪ እንደነገረችኝ ከቅዳሜ ምሽት እስከ እሁድ ጠዋት ነው ያለው አይደል? ፎቶ አላነሳሽም?»

«ፖሊስ ስጠብቅ አንስቻለሁ። ዊርድ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

«ጎበዝ ነሽ እንጂ።»

ፎቶው ላይ፣ ጠረጴዛው የተቆረጠ ኩፖን ተበትኖበታል። ከእትዬ የሺሃረግ አጠገብ አንድ ጋዜጣ ወድቋል። ቀኑ ይነበባል፤ እሁድ፣ ማርች 31፣ 2013።

«ፖሊሱ እሁድ ጠዋት በህይወት ነበረች የሚለው በዚህ ጋዜጣ ነው» አለች አቢጌል።

«ቅዳሜ ከእህቷ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ፤ ምን አጣላቸው?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ መንገዱ ሙሉ ነው የሰማው። ደንበኞች ኩፖኑ ፌክ ነው፣ ካሸሯ አዋረደችን እያሉ ኮምፕሌን አደረጉ፣ ኩፖኑንም መለሱልን። አካውንታችን ተዘጋ። እትዬ የሺ ሰርኪን ‹አንቺ ነሽ የቀላቀልሽብኝ› አለቻት። ሰርኪ ደግሞ ‹ለብጣሽ ወረቀት ብለሽ ሌባ አልሽኝ?› ብላ በሩን ድው አድርጋው ሄደች። እኔ አመሻሽ ላይ ስድስት ሰዓት ስወጣ እትዬ የሺ ብቻዋን ተመላሾቹን እያገላበጠች ታይ ነበር።»

«ተመላሽ አለሽ?»

አቢጌል ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች። «እነዚህ ዛሬ የመጡ ናቸው።»

ሸዋረጋ አንዱን ገለበጠችው። ጀርባው ነጭ ነው። እውነተኛው ኩፖን ከመፅሄት ስለሚቆረጥ ጀርባውም ማስታወቂያ አለው።

«ኩፖኑን ከየት ነበር የምታመጣው?»

«አብዛኛውን ግዛው ነው የሚያመጣላት፣ ጋዜጣ አዳዩ። ጋሼም አንዳንዴ ‹ከወዳጄ የተረፈ ነው› ብሎ ተቆርጦ ያለቀ ይሰጣታል። ከሽያጩ ግማሹን ትከፍለዋለች።»

ጋሼ ሀይለገብርኤል ማተሚያ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲያናግሩ እጁን ይዘው ነው።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» አሉ። «እሁድ ጠዋት ስድስት ተኩል ላይ በፊት ለፊቱ በር እኔው ነኝ ያስገባኋት። የቸርች ፕሮግራም ላትም መጥቼ። ቁጭ ብላ የዕለቱን ኩፖን ትቆርጥ ጀመር። ‹ጋሼ፣ ለልጅ ልጅዎ ዳይፐር ይግዙባት› ብላ አንዷን ሰጠችኝ። ከሰባት በፊት ወደ ቸርች ሄድኩ። ከእኔ በኋላ የመጣውን ያው ካሜራው አሳይቷል።»

ካሜራው የጎረቤት ሱቅ ነው፤ የሚያየውም የኋላውን በር ብቻ። ሰባት ከአምስት ላይ ያሳየው ሰርካዲስን ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ነርሲንግ ሆም ስትሰራ አድራ፣ እህቷን ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ፣ አንኳኩታ፣ የሚከፍት አጥታ ሄደች። እሷ እንደዚያ ነው የምትለው።

ሶ ነገሩ ግልፅ ነው። ቅዳሜ ማታ ከሞቱ ሰርካዲስ ነፃ ናት፤ ስትሰራ ያዩዋት አስር ሰዎች አሉ። እሁድ ጠዋት ከሞቱ ግን ጉድ ፈላባት።

«ቅዳሜ ማታስ የት ነበሩ ጋሼ?»

«እቤቴ። ምነው፣ እኔንም ልትመረምሪ ነው እንዴ?»

«ኧረ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ኩፖኗ አለች?»

«ቤት ትኖራለች።»

ሸዋረጋ ጉዳዩን ለያዘው ዲቴክቲቭ ደወለች። መልዕክት ያስቀምጡ አላት። አስቀመጠች። ማክሰኞ ጠዋት እንደገና አስቀመጠች። እስከ ምሳ ሰዓት አምስት ሞላ። ስድስተኛውን በአማርኛ ተቆጥታ ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ፍሪዌይ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ተጎትታ ጋርዴና ደረሰች። ግዛው የጋዜጣ መጋዘኑ በር ላይ መኪናው ውስጥ ተኝቷል። መስኮቱን ስታንኳኳ ብድግ አለ።

«እትዬ ሸዋረጋ? ሰው ሞተ እንዴ ደግሞ?»

«አንዱ አይበቃህም? እሁድ ለየሺሃረግ መፅሄቱን ስንት ሰዓት ላይ አደረስክላት?»

«የትኛው እሁድ?»

«የትናንት ወዲያው ነዋ! ምነው ታደርቀኛለህ?»

«የትናንት ወዲያውማ ምን አደርሳለሁ? ኩፖን አልወጣም እኮ።»

«እንዴት አልወጣም?»

«ፋሲካ ነበራ! የፈረንጆቹ። በበዓል እሁድ የኩፖን መፅሄት አይታተምም። እኔም እዚህ ስራ ገብቼ ነው ያወቅኩት። አርብ ለእትዬ የሺ ነግሬያቸዋለሁ። ‹ተመስገን፣ እንግዲያው ጠግቤ እተኛለሁ› አሉኝ።»

ሸዋረጋ ትዝ አላት። እሁድ ዕለት ጋራዡ ባዶ ሲውልባት ‹ዛሬ ምን ነካቸው› ብላ ነበር። ለሀበሻው ፋሲካ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። እሷም፣ ቸርቿም፣ ፌርፋክስም የሚቆጥሩት የራሳቸውን ነው።

«ሁለት ቀን!» ብላ የራሷን ጭን መታች። «አፍንጫዬ ስር እያለ ሁለት ቀን ሙሉ!»

«ምን አጠፋሁ?» አለ ግዛው።

«ምንም። ነገ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ ጋሼ ሀይለገብርኤል ጋ ና። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

ከዚያ ለጋሼ ደወለች። ድምጿን የደካማ ሰው አስመሰለችው። «ጋሼ፣ እሁድ የሰጠችዎትን ኩፖን ነገ ይዘውልኝ ይምጡ። ጠርዟ ላይ የመፅሄቱ ቀን ካለበት፣ የሺ እሁድ በህይወት እንደነበረች ማረጋገጫ ነው። ፖሊሱም በእሱ ይጨርሳል።»

«እፈልጋታለሁ ልጄ» አሉ ጋሼ።

ዲቴክቲቩን ያመጣችው አቢጌል ናት። ‹የፎርጅድ ኩፖን ማተሚያ አግኝተናል› ብላ ኢሜይል አደረገችለት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መለሰ። ለሞተ ሰው ስልክ ያላነሳ ሰውዬ ለኩፖን መጣ።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰርካዲስ ዓይኗ አብጧል። ግዛው በር ላይ ቆሟል። ዲቴክቲቩ ሰዓቱን ያያል። አቢጌል ጎኑ ሆና ታስተረጉምለታለች።

«አጭር ነው የማደርገው» አለች ሸዋረጋ። «ጋሼ፣ ኩፖኗ ተገኘች?»

«ተገኘች፣ ክብሩ ይስፋ!» ጋሼ ከመፅሐፍ ቅዱሳቸው መሃል አውጥተው ሰጧት። የዳይፐር ኩፖን ናት። ጠርዟ ላይ በትንንሽ ፊደል የእሁዱ ቀን ታትሟል። ሸዋረጋ ገለበጠቻት። ጀርባዋ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አለ።

«ይቺን የሺሃረግ እሁድ ጠዋት በእጇ ሰጠችዎት?»

«በእጇ።»

«ከዕለቱ መፅሄት ቆርጣ?»

«ዓይኔ እያየ።»

ሸዋረጋ ኩፖኗን ለዲቴክቲቩ አቀበለችው። «ግዛው፣ እሁድ ጋዜጣ ውስጥ ስንት የኩፖን መፅሄት ነበር?»

«ዜሮ» አለ ግዛው። «የፈረንጅ ፋሲካ ነው። በዓል ሲሆን አይወጣም።»

አቢጌል አፏን ያዘች። «ዌይት፣ እውነቱን ነው! እኔም እኮ ክፍሉ ውስጥ አዲስ መፅሄት አላየሁም!» ለዲቴክቲቩ ነገረችው። እሱም ሰዓቱን ማየት ተወ።

«እስቲ ከመጀመሪያው እንየው» አለች ሸዋረጋ። «የሺሃረግ ኩፖን እንደሌለ ከአርብ ጀምሮ ታውቃለች። እሁድ በጠዋት ምን ልትቆርጥ ትመጣለች? ጠረጴዛው ላይ የተበተነው ያለፈው ሳምንት ትራፊ ነው። አጠገቧ የወደቀው ደግሞ አንድ ጋዜጣ። ሃምሳ መፅሄት የምትቆርጥ ሴትዮ በአንድ ጋዜጣ ምን ትሰራለች? እንግዲህ ጋዜጣውን እሁድ ጠዋት ገዝቶ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። እሁድ እሁድ እንደምትቆርጥ ያውቃል፤ ጋዜጣውን ግን ገልጦ አያውቅም። ሄተሩንም የከፈተው እሱ ነው፣ የሞተችበት ሰዓት እንዳይታወቅ።»

«ልጄ፣ እኔ ምናልባት ቀኑን ተሳስቼ...» አሉ ጋሼ።

«ቀኑንማ አትመውታል ጋሼ።»

ሸዋረጋ በጣቷ ወደ ኩፖኗ ጠቆመች።

«ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሺሃረግ ተመላሾቹን ስታገላብጥ ጀርባቸው ባዶ መሆኑን አየች» ብላ ቀጠለች። «ተቆርጦ ያለቀ ኩፖን የሚያመጣላት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እርስዎ። እህቷን በሀሰት እንደወነጀለች ገባት። ከዚያ እርስዎን ጠየቀችዎት። እኔ ቀኑ ያለበት ኩፖን አምጡ ስልዎት ደግሞ፣ እቤት የሌለውን ማታ አተሙት። በዚህኛውማ ጀርባውንም አልረሱም። ግን ጋሼ፣ በዚያ እሁድ አሜሪካ ሙሉ የኩፖን መፅሄት አልታተመም። የታተመችው ይቺ የእርስዎዋ ብቻ ናት።»

ጋሼ ሀይለገብርኤል ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«የሰርግ ካርድ የሚያሳትም ጠፋ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሁሉም በስልኩ ሆነ። ማሽኑን ዝም ብዬ ላየው ነው? ... ለፖሊስ እናገራለሁ አለችኝ። ሰርኪን ይቅርታ ልጠይቃት እሄዳለሁ ብላ ተነሳች። ክንዷን ያዝኳት። ሸርተት አለችና...»

«ሰርኪን ሊያሳስሩ ነበር!» አለች አቢጌል እየጮኸች። «ትናንት እኮ አብረዋት ሲያለቅሱ ነበር!»

ሰርካዲስ ግን የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። «ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነበር?» አለች። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዎ። ዲቴክቲቩ ሲያስነሳቸው እጃቸውን ራሳቸው ወደ ኋላ አደረጉለት።

ሐሙስ ሸዋረጋ ስራ ቀርታ ሰርካዲስን ኮርት ወሰደቻት። ከዲቴክቲቩ የተፃፈላት ከተጠርጣሪነት ነፃ የሚያደርጋት ደብዳቤ በፕላስቲክ ተደርጎ ተይዟል። ሸዋረጋ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ረጅም ሰዓት ለመጠበቅ ሳንድዊች ፈታች። ገና አንዴ ሳትገምጥ ሰርካዲስ ወጣች።

«ምነው? ደብዳቤውን አልተቀበሉም?»

«ማንም አላየውም» አለች ሰርካዲስ። «መዝገብ በዝቷል ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ።»

«ለመቼ?»

«ለኦገስት።»

«ኦገስትማ ምን አላት? አራት ወር ናት።»

«ለኦገስት ሁለት ሺህ አስራ ስድስት።»

ሸዋረጋ ሳንድዊቹን መልሳ ጠቀለለችው። የምትጠይቀው፣ የምትመረምረው፣ የምታፋጥጠው ሰው ፈልጋ ኮሪደሩን አየች። ሁሉም የተዘጋ በር ነው።

ሰርካዲስ አጠገቧ ተቀመጠች። «ትንሹ ልጄ አስራ አንድ ዓመቱ ነው» አለች። «ያን ጊዜ አስራ አራት ሞልቶት፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ስልክ ሲደውልልኝ ማን ልበል ልለው ነው።»