የኤርቲ ሜንጦ

ያ በጋ ክፉ ነበር።

ዓሣው ከዳርቻው ራቀ። ወፎቹ ገደሉ ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ሄዱ። የተፈለፈሉትም ጫጩቶች በረሃብ አለቁ። ነፋስ ሲነሣ ግማቱ መንደር ድረስ ይገባ ነበር።

እንግዶች ከሩቅ አገር መጥተው፣ በትንሿ ጀልባችን ተሳፍረው፣ ባዶ ድንጋይ አይተው ይመለሳሉ። ያጉረመርማሉ። አንዳንዱም ይሳደባል።

ላውሪ እባላለሁ። በሼትላንድ ደሴቶች የባሕር አራዊት ማየት የሚፈልጉ ሰዎችን በጀልባ ሳዞር ነው ያረጀሁት። ተረት አልወድም። ያን ቀንም አልጠጣሁም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ መስተዋት በተኛ ባሕር ላይ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ያላመነ ይተወው።

ልጄ ኦስላ አብራኝ ትሠራለች። ገመድ ትይዛለች፣ እንግዳ ታሳፍራለች። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

ጀልባዋ ግን የራስሚ ናት።

ራስሚ ጎረምሳ ሳለ ባሕር ውስጥ ወድቆ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኤርቲ ነው ኮሌታውን በሜንጦ ይዞ ያወጣው። ሜንጦ የምንለው ጫፉ ላይ ቆልማማ ብረት ያለው ረጅም እንጨት ነው፤ ጀልባ ወደ ወደብ እንስብበታለን። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እዚያው ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ።

በአገራችን አንድ የቆየ እምነት አለ።

ባሕር የያዘውን ሰው የነጠቀ፣ በፋንታው ራሱን ይሰጣል።

የድሮ ሰዎች ሰው ሲሰምጥ እያዩ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቆሙት ለዚህ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ኤርቲ ከነሜንጦው ባሕር ላይ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። እናቴ ባዶ ሳጥን ቀበረች።

ራስሚ ለቀብሩ አልመጣም። የላክንበት ሰው መልሱን ይዞልን መጣ።

«ማን አድነኝ አለው?»

ከዚያ ወዲህ ራስሚ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጀልባ ገዛ፣ ሰው ቀጠረ፤ እሱ ግን ከወደቡ ድንጋይ አይወርድም። አረጀ፣ ከበረ፣ ምላሱ ግን ያው ነው።

ያን ቀን ወደ ጀልባዋ ሲወርድ አየሁት።

«ዛሬ እኔም እመጣለሁ» አለ።

«አንተ?»

«ምነው? አንተ ስትጃጅ አራዊቱም ሸሹህ። እንግዶቼን ድንጋይ እያሳየህ ጨረስካቸው። ዛሬ እኔ አሳያቸዋለሁ።»

«ራስሚ... ተው። አንተ ባሕር አትውጣ።»

ሳቀ።

«ለምን? ወንድምህ ቀጠሮ ይዞልኛል?»

ኦስላ መንሳፈፊያ ሰደርያ ዘረጋችለት። «ይልበሱት፣ ጋሽ ራስሚ።»

«እሱ ለእንግዳ ነው» አለና ገፋው።

ከወደቡ ወጣን።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጸጥታውን ነው። ውሃው ላይ አንድም ወፍ የለም። የተረፉት ጥቂቶቹ ገደሉ ላይ ተደርድረዋል... ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው።

አንድ ጥቁር ዓሣ በል ወፍ መጥቶ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ አረፈ። አንዲት እንግዳ እጇን ዘርግታ ዳበሰችው። አልሸሸም።

«ለማዳ ነው!» አለች።

ለማዳ አልነበረም። ይንቀጠቀጥ ነበር።

አቆስጣዎቹ፣ እነዚያ ራሳቸው የውሻ፣ እግራቸው መቅዘፊያ የሚመስለው የባሕር እንስሳት፣ የሚተኙበት ድንጋይ ጋ ደረስን። የአቆስጣ ጠባይ አንድ ነው። ጀልባ ሲሰማ ከድንጋዩ ተንሸራትቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ በዚያ ሰው በሚመስል ዓይኑ ያይሃል። በዕድሜዬ ሌላ ሲያደርግ አላየሁም።

ያን ቀን ከውሃው ወጡ።

ሞተራችንን እየሰሙ፣ እኛን እያዩ... አንዱ ሌላውን እየረገጠ ድንጋዩ ላይ ወጣ። እናት የገዛ ልጇን ረግጣ ወጣች። አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም።

ውሃው ውስጥ ከእኛ የባሰ ነገር ነበር።

እንግዶቹ ግን በደስታ አበዱ። ሁሉም ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ተጋፍተው ፎቶ ማንሣት ጀመሩ።

«አየህ?» አለኝ ራስሚ። «እኔ ስመጣ ይወጣሉ!»

«እንመለስ።»

«ዝም በል አንተ ፈሪ!»

ገፍቶኝ መሪውን ያዘ። እኛ ዘንድ ጀልባ የሚዞረው ፀሐይ በምትዞርበት አቅጣጫ ነው። ሌላው መዓት መጥራት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ራስሚ ዓይን ዓይኔን እያየ በተቃራኒው አዞራት። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።

ከኋላ ኦስላ ጠራችኝ። በሹክሹክታ።

«አባባ... ና እየው።»

አንድ የአቆስጣ ግልገል በጀልባዋ የኋላ መሳፈሪያ ተስቦ ወጥቶ እግሯ ሥር ገብቷል። ገመዳችንን በጥርሱ ነክሷል።

«አልለቅም አለ» አለች።

«ተይው። አትንኪው።»

ራስሚ መጣ። «ጀልባዬን ሊያገማት ነው እንዴ?»

«ጋሽ ራስሚ፣ ፈርቶ ነው...»

በጫማው ጎኑን መታው። ግልገሉ ገመዱን አልለቀቀም። ደገመው። የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ሦስተኛው ላይ ውሃው ውስጥ ወደቀ።

ብቅ አላለም።

አረፋም አልመጣ።

ከዚያ ከጀልባዋ ሥር...

ጠቅ።

ራስሚ ቀና አለ። «ድንጋይ ነው?»

«እዚህ ጥልቅ ነው» አልኩ።

ጠቅ... ጠቅ...

«ታዲያ ምንድን ነው?» ድምፁ ወርዷል።

«እንጨት ነው» አለች ኦስላ። «ከታች በእንጨት የሚያንኳኳ አለ...»

«ማን?»

ራስሚ ወደ ጠርዙ ተጠጋ።

ሊያይ ጎንበስ አለ። ግልገሉ ያረጠበው ቦታ ላይ እግሩ ሸተተ። ብዙ ድምፅ እንኳን ሳያሰማ ገባ።

ወዲያው ወጣ። ከጀልባዋ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። ብርዱ ትንፋሹን ቆርጦታል። ዓይኑ ፈጧል።

የእኛ ሜንጦ አጠገቤ ተጋድሟል። ኦስላ ዘልላ ልታነሣው ስትል ቀበቶዋን ያዝኩ።

«ልቀቀኝ!»

«አታወጪውም።»

«አባባ፣ ሰው እኮ ነው!»

«ባሕሩ አንቺን ነው የሚያስከፍለኝ። አታወጪውም።»

ታገለችኝ። ክንዴን ቧጠጠች፣ ነከሰችኝ። ጠባሳው አሁንም አለ። አልለቀቅኳትም።

ራስሚ ይህን ሁሉ ያያል።

«ላውሪ...» አለ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «ላውሪ... አድነኝ...»

«ዛሬስ አድነኝ አልክ» አልኩት።

ያኔ ከጀርባው ብረት ብቅ አለ።

ዝግ ብሎ... ምንም ሳይቸኩል። ቆልማማ፣ ዝገት የበላው ብረት። ሰው ጨለማ ውስጥ በር እንደሚፈልግ ጀርባውን ዳበሰው። ከዚያ ኮሌታውን አገኘ።

እዚያው ቦታ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ቦታ።

ራስሚ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ነካው። ምን እንደሆነ አወቀ። ፊቱ ላይ አየሁት።

ወደ ታች ሄደ።

ውሃው ወዲያው ለጥ አለ።

ኦስላ መታገሏን አቆመች። ወፉ ከጠርዙ ተነሥቶ በረረ። አቆስጣዎቹም አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ከድንጋዩ እየተንሸራተቱ ውሃ ውስጥ ገቡ።

«ውይ፣ ሄዱብን!» አለ አንዱ እንግዳ ከፊት።

ሌላዋ ወደ እኔ ዞረች። «የጀልባዋ ባለቤትስ የት ሄዱ?»

«ወረደ» አልኳት።

በኋላ ፖሊስ መጣ፣ ጠላቂዎች መጡ። ምንም አላገኙም። እግሩ ሸተተ፣ ወደቀ፣ ሰመጠ አልኩ። ሐሰት የለበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዶቹ ገና ከፊት ሳሉ፣ ከጀልባዋ ጎን አንድ እንጨት ወጣ። እጀታው ነው የቀደመው። አልተንሳፈፈም። ቀጥ ብሎ ነው የወጣው... ከታች ያለ ሰው እንደሚያቀብልህ።

«አባባ...» አለች ኦስላ። «ተቀበለው።»

ያዝኩት።

እጀታው ላይ በጋለ ምስማር የተሠራች ዓሣ አለች። ዓይን የላትም። በልጅነቴ ለኤርቲ እኔ ነኝ የሠራኋት፤ ዓይኗ ላይ ስደርስ እናቴ ጠራችኝና ሳልጨርሳት ቀረች።

ሳብኩ። አልመጣም። ከታች ያለው እጅ ትንሽ ያዝ አደረገው።

ከዚያ ለቀቀው።

እዚያ ባሕር ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ እንደ በረዶ ነው የሚወጣው።

እጀታው ሞቃት ነበር።