የእንጦጦ ቅሪተ አካል

ድንጋዩ የሚልኬሳን ቅንድብ ሲመታው ድምፁ ትሕትና እስከተቀመጠችበት ድረስ ተሰማ። ልጁ ዴስኩ ላይ ተደፋ፤ ደሙ በካርቶን የተሠራው ካርታ ላይ፣ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ በሙጫ በተጋጠሙበት በኩል ወረደ። ኪያ ግን አልበቃውም። ከላዩ ወጥቶ በቡጢ ይነርተው ጀመር። ሦስት ልጆች ተረባርበው ነው ያላቀቁት።

ነገሩ የተነሳው ከቤት ሥራ ነው። የነኪያ የአንድ ለአምስት ቡድን፣ አህጉራት ድሮ አንድ እንደነበሩ በማስረጃ እንዲያስረዳ ታዝዞ ነበር። ግሎሶፕተሪስ የሚባል የጥንት ዛፍ ቅጠል በአፍሪካም፣ በህንድም፣ በአንታርክቲካም ዐለት ውስጥ ታትሞ ይገኛል፤ ዘሩ ደግሞ ውቅያኖስ መሻገር አይችልም። እስከዚህ ጥሩ። ኪያ ግን ካላጋነነ አይሆንለትም፤ ቅጠሉ የታተመበትን ድንጋይ እንጦጦ ላይ አገኘሁ ብሎ ይዞ ከች አለ። መምህሩ ሳይገቡ ለክፍሉ ሲያሳይ ሁሉም አጨበጨበ። አባቱ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ የሚቆርጡት ሚልኬሳ ብቻ ተጠግቶ አየው።

«ሸውዷችኋል፤ ይሄ እኮ ባሕር ዛፍ ነው። እዚህ አገር ከገባ ገና መቶ ምናምን ዓመቱ ነው» አለ። ሳቁ ሲፈነዳ ድንጋዩ ተወረወረ።

ትሕትና ይህን ሁሉ ታውቃለች። የውሸቱ ድንጋይ የተሠራበትን ሲሚንቶ ካራ ሰፈር እነሱ ግቢ ውስጥ ያቦካችው፣ ቅጠሉን ያተመችበት ራሷ ናት። የቡድኑ መሪም እሷ ናት፤ ማርኩ የአምስቱም ነው።

ዳይሬክተሯ ቢሮ በር ላይ ኪያ አንጓዋን ይዞ እስክታቃስት ጠመዘዘው። የሚልኬሳ ደም ጣቶቹ ላይ ገና አልደረቀም።

«ቀድሞ የመታኝ እሱ ነው በይ። ሌሎቹ የቡድኑ ልጆች እንዲህ ብለው ፈርመዋል። አንቺ ከከዳሽኝ ደግሞ ከሱ የባሰ ነው የማደርግሽ» አላት።

ትሕትና ፈራች። ከክፍሉ አንድም ልጅ ለሚልኬሳ አልመሰከረለትም፤ ኪያን የማይፈራ የለም። ውስጥ ሚልኬሳ በደም የራሰ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሙሉጌጥ እሱን ከትምህርት ቤት የሚያሰናብተውን ደብዳቤ ጽፈው ጨርሰዋል፤ የቀረው ፊርማቸው ብቻ ነው።

«አንቺ የቡድኑ መሪ ነሽ። ማን ጀመረ?» አሏት።

አንጓዋ ያማታል። ወደ ሚልኬሳ ስታይ፣ ልጁ ከሷ ምንም እንደማይጠብቅ ሁሉ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። ይሄ ከጥምዘዛው ይልቅ አመማት።

«ኪያ ነው» አለች። «ሚልኬሳ እጁን አላነሳም። ድንጋዩንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቅጠሉን ከጓሯችን ነው የቆረጥኩት።»

ኪያ ከውጭ ሆኖ ሲሰማ ኖሯል፤ በሩ በእርግጫ ተመታ። ትሕትና ክው አለች፤ ግን ወንበር ስባ ከሚልኬሳ አጠገብ ተቀመጠች።