ፊቱን ወደ ደረጃው ያዞረው ወንበር

እትዬ ከደረጃው ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። አንደኛው ነጠላ ጫማ እግራቸው ላይ ነው፤ ሌላው ደረጃው መሀል ቀርቷል። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸውም የከዳቸው ሴት ነበሩ። ከላይ፣ ከደረጃው አናት፣ በግድግዳው ሀዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚያመላልሳቸው የኤሌክትሪክ ወንበር ባዶውን ቆሟል።

መርማሪዋ ሬሳውን ከማየቷ በፊት ወንበሩን ቀና ብላ አየችው። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ የጀመረችውን ሳትበሳ አትመለስም።

«አንገታቸው ነው» አላት ሐኪሙ ከተንበረከከበት። «ከደረጃው አናት ነው የወደቁት። ግማሽ ሰዓትም አልሆናቸውም።»

ሳሎን ውስጥ አራት ሰዎች እሳትና ጭድ ሆነው፣ እንዳይነካኩ ተራርቀው ተቀምጠዋል፦ የሟች ልጅ፣ ሚስቱ፣ ተደውሎላት የመጣችው እህቱ፣ እና አስታማሚዋ። ወስፌ ገና እግሯን ከማስገባቷ እህትየው ብድግ አለች።

«ምን ትመረምሪያለሽ? ይቺው ናት! ይቺ እባብ!» ጣቷ የወንድሟ ሚስት ላይ ተቀስሯል።

«እባቧስ አንቺ» አለች ምራት፣ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ እየጠረገች።

«ቀስ በሉ። አንድ በአንድ» አለች ወስፌ።

«እናቴ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት መኝታ ቤቷን ወሰዱባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት፣ እቃ ቤቱ ጎን፣ እንደ አሮጌ ኮተት ወረወሯት። ያንን ወንበር ገዝቼ ያስገጠምኩላት እኔ ነኝ። በነጋታው ወደ ፎቅ ወጥታ ክፍሏን አስለቀቀቻቸው። ከዚያ ወዲህ ይቺ ሴት ጥርሷን እንደነከሰችባት ነው።»

ምራት አልካደችም። «አዎ፣ እጠላቸው ነበር። ምን ልዋሽ? ቁም ሣጥኔን ይፈትሹ፣ አልጋዬ አልተነጠፈም ብለው ይሳደቡ ነበር። ያ ወንበር ባጓራ ቁጥር መጡብኝ እል ነበር። ግን አልገፋኋቸውም። ሻወር ውስጥ ነበርኩ። የውጭው በር ሲደበደብ በፎጣ ብቻ ወጣሁ። ከአናቱ ላይ ሆኜ ሳያቸው መውረድ አቃተኝ፤ የወረድኩት ሰውነቴን አድርቄ ከለበስኩ በኋላ ነው።»

«ወንበሩስ?»

«አጠገቤ ነበር። አሁን ያለበት።»

ወስፌ ደረጃውን በዳር በዳር ወጣች። ላይ ያለው ምንጣፍ በውሃ ርሷል፤ የባዶ እግር ኮቴ ከሻወሩ ተነስቶ አናቱ ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ያሉትን እርከኖች እየዳሰሰች ወረደች፤ አመድ የመሰሉ ደረቆች ናቸው። ወንበሩን ደግሞ አስተዋለችው። ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሯል፤ የእግር ማሳረፊያው ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

አስታማሚዋን ወጥ ቤት አገኘቻት።

«እትዬን ትናንት ማታ ማን አስተኛቸው?»

«እኔው። ከታች አስቀመጥኳቸው፣ ላይ ሲደርሱ መቀመጫውን ወደ ላይኛው ወለል አዞሩና ተነሱ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ጠዋት ከክፍላቸው በዳበሳ ይወጣሉ፤ ግድግዳውን ይዘው ደረጃው አናት ሲደርሱ ዞረው ይቀመጣሉ።»

«ዛሬስ?»

«እንደመጣሁ ላይ ሳልወጣ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጣሁ። ወንበሩ ሲያጓራ ሰማሁ። ሊወርዱ ነው፣ ሄጄ ልቀበላቸው ስል ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ያ የእትዬ ጩኸት! ሮጬ ብመጣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ስደበድብ ወንበሩ እንደገና አጓራ። ሲያቆም ነው ልጃቸው፣ ጋሼ፣ የከፈቱልኝ።»

«በሩ ይቀረቀራል?»

«ኧረ እኔ ውጭ እያለሁ ማን ይቀረቅረዋል!»

የመጨረሻው ልጅየው ነበር፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እማዬ ኩሩ ናት። ያንን ወንበር አትወደውም። በእግሬ ልውረድ ብላ ነው» አለ።

«አትወደውም?» እህቱ ከጀርባ ጮኸች። «‹ዙፋኔ› አይደል እንዴ የምትለው!»

«እርስዎ የት ነበሩ?» አለች ወስፌ።

«ጠዋት ከመኝታ ክፍላችን ወርጄ እዚህ ሳሎን ተቀመጥኩ። ስትጮህ ነው የሰማሁት።»

«ወንበሩ ሲያጓራስ?»

«አልሰማሁም።»

«ነክተውታል?»

«እኔ? በጭራሽ!»

ሬሳው ሲነሳ ወስፌ አራቱንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው። እሷ ላይ ወጥታ መቀመጫውን ወደ ወለሉ አዞረችና እህትየውን «ታች ያለውን በተን ተጫኚው» አለቻት።

እህትየው ተጫነች። ወንበሩ አልተነቃነቀም።

«ወደ ወለሉ ዞሮ ሳለ አይሄድም፤ ሰው እየተነሳ እንዳይጥለው ነው። አሁንስ?» ወደ ደረጃው አዞረችው። እህትየው ደግማ ስትጫን ወንበሩ እያጓራ ወረደ።

ወስፌም ተከትላው ወረደች። «እትዬ ማታ ሲነሱ መቀመጫው ወደ ወለሉ ዞሮ ነበር። እኔ ስደርስ ግን ፊቱ ወደ ደረጃው ነው። እሳቸው የሚያዞሩት ተቀምጠው ነው፤ ተቀምጠው ቢሆን ደግሞ አይወድቁም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰው አዞረው። ከዚያ ባዶውን አወረደው። እትዬ በዳበሳ ወጡ፤ የወንበሩን ማጓራት አልሰሙም፣ መሄዱን አላዩም። እንደ ልማዳቸው ሊቀመጡ አሉ። የተቀመጡት አየር ላይ ነው።»

አስታማሚዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ወንበሩ ታች ቢገኝ ማን አወረደው ይባላል። ስለዚህ ተመልሶ መውጣት ነበረበት፤ እስኪወጣም ሰው መግባት የለበትም። በሩ የተቀረቀረው ለዚህ ነው። አስታማሚዋ ውጭ ሆና ከውስጥ አትቀረቅርም። እህትየው ቤት ውስጥ አልነበረችም። ምራት ደግሞ ውሃ እየተንጠባጠበች አናቱ ላይ ቆማለች፤ ወርዳ ቢሆን ደረጃው ይረጥብ ነበር፤ ደረቅ ነው። መቀመጫውንም መልሳ ልታዞረው ብትፈልግ እጇ ሥር ነበር። ማዞር ያልቻለው ከታች ሆኖ በበተን የላከው፣ ሽቅብ ሊወጣ ሲል ሚስቱን ከላይ ያያት ሰው ነው።» ወደ ልጅየው ዞረች። «ከመኝታ ክፍልዎ ሲወርዱ አዞሩት፤ ታች ሆነው ጠሩት፤ እናትዎ ሲወድቁ መልሰው ላኩት። አይደለም?»

ልጅየው ሲናገር ያ ለስላሳ ድምፁ አልነበረም።

«ስልሳ ዓመት በሬን አንኳኩታ አታውቅም» አለ። «ሚስት አግብቼ እንኳ! ደረጃው ያቃታት ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆልፌ ተኛሁ። ሁለት ዓመት ሰው ሆንኩ።» ወደ እህቱ ዞረ። «ከዚያ አንቺ ያንን ወንበር ይዘሽብኝ መጣሽ!»

ተራው የሚስቱ ነበር። ቀስ ብላ ፊቱ ቆመች።

«ቅድም ገዳይ ስባል፣ እባብ ስባል፣ እዚያው ተቀምጠህ ሰማህ።»

«እኔን ከሚጠረጥሩ አንቺን ይጠርጥሩ ብዬ...» አለና ቀሪውን ዋጠው።

«እኔስ ጠላኋቸው ብዬ በአፌ ተናገርኩ። አንተ እማዬ፣ እማዬ እያልክ ገደልካቸው። ነገ ደግሞ እኔ ስታሰር ታለቅስልኝ ነበር።»

እጁን ዘረጋላት። አየችውና ዞር አለች። የተዘረጋውን እጅ ከወስፌ ጋር የመጣው ፖሊስ በካቴና ተቀበለው።