ዓይንሽ አልታይ አለኝ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ወደ ውኃው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ ቤት አለ። ዛሬ በዚያ በር የሚያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ዱሮ እንዲህ አልነበረም! ዱሮ የሳቅ ቤት ነበር። የቤቱ እመቤት ዋሲላ የአምባሰል ልጅ ናት። ውጫሌ ገበያ ከእናቷ ጋር ጨርቅ ስትሸጥ ነው ሰዓድ ያያት። ያያት ስላችሁ፣ መጀመሪያ ያየው ዓይኗን ነው። ምን ዓይን ነበር መሰላችሁ! ትልቅ፣ ጥቁር፣ ስትስቅ ከጥርሷ ቀድሞ የሚስቅ ዓይን። ሰዓድ የሚገዛው ነገር ሳይኖር ሽርጡን ሁሉ ሲያስዘረጋና ሲያስጠቀልል ዋለ። «አንተ ሰውዬ፣ የቱን ነው የፈለግከው?» ብትለው «ዓይንሽን» ብሎ እናቷን በንዴት አስነሣ። ከተጋቡ በኋላም ስሟን አይጠራም፤ «ዓይንዬ» ነው የሚላት።

ሰዓድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ልጃቸው አሪፋ ወፌ ቆመች በምትባልበት ጊዜ ዓሣው ሳስቶ፣ መረቡ ባዶውን ይወጣ ጀመር። ምን ይደረግ? እንደ ብዙው የወሎ ልጅ እሱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳ ገባ፤ የአንድ ባለጸጋ ሾፌር ሆነ። «ቶሎ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ የሄደ ሰው፣ አሪፋ አድጋ ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ አልመጣም። ዋሲላ ጠበቀችው። ስንቷ ባሏን አረብ አገር ሰድዳ ተስፋ ቆርጣለች፤ እሷ ግን ጁምዓ በመጣ ቁጥር ኩሏን ተኩላ፣ ሻሿን አሳምራ ስልኳ ፊት ትቀመጥ ነበር። እዚያ ማዶ ሰዓድ፣ እዚህ ዋሲላ፤ መዳፍ በምታክል መስታወት ሲተያዩ ኖሩ።

አንድ ጁምዓ ሰዓድ፣ «ዓይንዬ፣ ልመጣ ነው። ጠቅልዬ ልመጣ ነው» አላት። ዋሲላ እልልታዋን አቀለጠችው! ጎረቤት ሁሉ «ምን ተገኘ?» እስኪል ድረስ። ሰዓድ ግን አብሯት አልሳቀም። ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ሲያያት ቆየና ድምፁ ቀዘቀዘ።

«ዓይንሽ እኮ… ዓይንሽ አልታይ አለኝ።»

«ኔትወርኩ ነው» አለችው።

«አይደለም። እንዲህ ከሆነ ቆየ» አለና ወሬውን ወደ አሪፋ ትምህርት አዞረው።

ወይ ጉድ! አንዲት ቃል ሰውን ስንት ጊዜ ትገድላለች? ዋሲላ ስልኩን ዘግታ መስታወት ፊት ቆመች። እውነቱን ነው፣ የት አለ ያ ዓይን? የዓይኗ ቆብ እንደ ረጠበ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ብሌኑን እስከ ግማሹ ሸፍኖታል። በጣቷ ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው የውጫሌዋ ልጅ ብቅ ትላለች፤ ስትለቀው ሌላ፣ ደካማ፣ የማታውቃት ሴትዮ ትመጣለች። «ታዲያ ወድዶ ያገባውን ዓይን ካጣው ምኔን ብሎ ይመጣል?» አለች ለብቻዋ። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ጭንቀቷን የተነፈሰችው ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊዋ ለዙሌይካ ነበር። ዙሌይካ ሳቀችባት። «አቦ፣ በዚህ ነው እንዴ የምትቃጠይው? አዲስ አበባ ቆቡን በሌዘር ያነሡልሻል። ቢላ የለ፣ ስፌት የለ። የአክስቴን ልጅ ብታያት የአሪፋ እኩያ መስላልሻለች ወላሂ!» አሪፋ ይህን ስትሰማ ከደሴ ደውላ ጮኸች። «እማ፣ በአላህ ተይው! አባዬ አንቺን እንጂ ቆብሽን ነው የናፈቀው?» ብትላት፣ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም። አባትሽ ዓይንሽ አልታይ አለኝ ብሎኛል» ለማለት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ባሌ አስቀየመኝ ብላ ለልጇ እንዴት ትናገር? ሳትነግራት አዲስ አበባ ወረደች።

አንድ ፎቅ ላይ ካለ የውበት ክሊኒክ ውስጥ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ጨረሩን አበራ። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ አፍንጫዋ ድረስ መጣ። «አይዞሽ እናቴ፣ ሃያ ዓመትሽን ነው ቆርጬ የምጥልልሽ» አላት። አወይ! ሃያ ዓመት ይቆረጣል እንዴ? ቆርጦ የጣለው ዓይኗ የሚከደንበትን ቆብ ነበር።

እብጠቱ ሲጎድል በእርግጥ አማረባት። ገበያ ውስጥ «ማሻአላህ፣ ዋሲላ ልጅ ሆነች!» ተባለ። ዙሌይካማ የራሷ ሥራ ይመስል ሰው እየጠራች ታሳይ ነበር። ግን ዋሲላ ስትተኛ ዓይኗ አይገጥምም። እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ ነጩ ብልጭ እንዳለ ይቀራል። አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራታል፣ ይነድዳታል። ደሴ ያለች የዓይን ሐኪም ደጋግማ አይታት፣ «ከቆቡ ብዙ ተወስዷል፤ አይከደንም። እንባሽም ደርቋል። ይህን ጠብታ እንዳታቋርጪ» አለቻት። «ይድናል?» ብላ ብትጠይቅ ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ዘጋች። ዋሲላ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ግዴለም፣ ሰዓድ ይየኝ እንጂ አለች።

የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ዘመድ አዝማዱ መናኸሪያ ወጣ። ዋሲላ ከሁሉም ፊት፣ ኩሏን ተኩላ፣ ዓይኗን በልቅጣ ቆማለች። አውቶቡሱ ቆመና ሰዓድ ወረደ… ግን ብቻውን አልወረደም። አዲስ አበባ የተቀበለው የአጎቱ ልጅ እንድሪስ ክንዱን ይዞታል። ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሰውነቱ አልቆ ሸሚዙ ተሰቅሎበታል። ዋሲላ ፊቱ ቆመች፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካታል። እሱ ግን አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረና፣

«ዋሲላ የት አለች?» አለ።

ያ ረቢ! እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ፣ «ስኳር ነው፤ ዓይኑን በላው። ኩላሊቱንም ነክቶታል። እንዳይነገራችሁ አስምሎኝ ነው» አለ። ለካስ በዚያ ጁምዓ አልታይ ያለው የእሷ ዓይን አልነበረም! የጨለመበት የራሱ ዓይን ኖሯል። ሊነግራት ጀምሮ፣ አንጀቱ አልችል ብሎት ተወው። ዋሲላ ይህን እዚያው ቆማ በቅጽበት ተረዳችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ምንኛ በወደደች!

ሰዓድ በዳበሳ አገኛት። መዳፎቹን ጉንጮቿ ላይ አኖረ። ዙሪያውን አሪፋ ታለቅሳለች፣ እንድሪስ ይንሰቀሰቃል፣ ዙሌይካ ትጮኻለች። ጣቶቹ ከጉንጯ ወደ አገጯ፣ ከአገጯ ወደ ጉንጯ ተመላለሱ። አንዲት ጠብታ እንባ ፈለጉ… አላገኙም። ቀስ ብሎ እጁን ሰበሰበ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነሽ» አለ፤ እንደ እንግዳ።

ለምን ያኔውኑ አልነገረችውም? ትላላችሁ። ምን ብላ ትንገረው? አንተ ዓይንህ ሲጠፋ እኔ የኔን ላስውብ ሄጄ ነበር ትበለው? ሰዓድም በልቡ ፈረደ፤ ዕውር ሆኜባት ስለመጣሁ ጠላችኝ ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲያ፣ ልታስታምመው ከደሴ የመጣችው አሪፋ ካላጎረሰችው አይበላም። በረንዳው ላይ ፊቱን ወደማያየው ሐይቅ አዙሮ ይውላል። ዱሮ ታንኳ ሲቀዝፍ የሚያፏጨውን የአምባሰል ቅኝት አንድ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ትንፋሹ ቆረጠበት። አሪፋ ደግሞ እናቷን ጓዳ አግኝታ፣ «አባዬ ዓይኑን ሲያጣ አንቺ ዓይንሽን ታሠሪ ነበር!» አለቻት። ዋሲላ ሳህኑን ማጠቧን ቀጠለች።

አንድ ቀን ከዙሁር ሰላት በኋላ፣ ዋሲላ ድካም ጥሏት ከሰዓድ አልጋ ሥር ምንጣፉ ላይ ሸለብ አደረጋት። ሰዓድ ውኃ ጠምቶት ሲዳብስ እጁ ፊቷ ላይ አረፈ። ጣቱ ዓይኗን ነካ። ክፍት ነው! ክፍት፣ ደረቅ፣ የማይርገበገብ። ጠራት፤ ዝም። ነቀነቃት፤ ዝም። «ዋሲላ! ዋሲላዬ ሞተችብኝ! ኧረ የሰው ያለህ! ዓይንዬን ወሰዷት!» ከአልጋው ወድቆ አቅፏት ሲጮኽ ባንና ነቃች። አሪፋ ገበያ ሄዳ ነበርና ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አልሞትኩም፣ ሰዓድ፣ አልሞትኩም» አለችው። «ዓይኔ ስለማይከደን ነው።» ከዚያ ሁሉን ዘረገፈችው። «አልታይ አለኝ ብለኸኝ እኮ ነው። ይታይህ ብዬ… በሌዘር አስቆረጥኩት። እንባዬ ደረቀ እንጂ ልቤ መች ደረቀብህ? መናኸሪያ የቆምኩ ቀን ውስጤ ደም ሲያለቅስ ነበር።»

ሰዓድ በጣቱ የቆቧን ጠርዝ ዳበሰ። «የኔ ዓይን ነበር እኮ፣ ሞኟ» አላት። «አንቺማ መች ጠፋሽብኝ? ዛሬም ዓይኔ ሲጨልም የምትታይኝ ውጫሌ ላይ ጨርቅ እንደዘረጋሽ ነው።» አንገቷን ደግፎ ግንባሩን በግንባሯ ላይ ደፋ። የሱ እንባ እየተንጠባጠበ በሷ ደረቅ ዓይን ውስጥ ወረደ። እነዚያ ዓይኖች ከስንት ጊዜ በኋላ ራሱ፤ ማቃጠላቸውም ለአንድ አፍታ ተወት አደረጋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋሲላ ስትተኛ ሰዓድ ሁለት ጣቱን ቆቧ ላይ አድርጎ፣ እስክትነቃ ድረስ ከድኖ ይይዝላት ነበር። በር ዘግተው ነበርና አሪፋ ይህን አላወቀችም።

ምነው ያ ደስታ ቢሰነብት! ኩላሊቱ ግን ጊዜ አልሰጠውም። ምላሱ ሲተሳሰር አሪፋን አስጠርቶ፣ «እኔ ስሄድ… የእናትሽን ዓይን ክደኚላት» አላት። አሪፋ ሕመሙ አስቀባጥሮት መሰላት፤ ዓይኑ የሚከደን የሟች እንጂ የቋሚ ነው? ትንሽ ቆይቶ ሰዓድ አረፈ። ኢናሊላሂ!

እስላም ክርስቲያኑ ግቢውን ሞላው። ጀናዛው ሲወጣ ያላለቀሰ አልነበረም፤ ከዋሲላ በቀር። ዙሌይካ ጆሮዋ ሥር ገብታ፣ «እባክሽ ጠብታውን አድርጊና ውጪ፤ ሰው እያየሽ ነው» አለቻት። ዋሲላ ብልቃጡን ገፋችው። «ለሰዓድማ በመድኃኒት አላለቅስለትም።» ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። «አዪ፣ ይቺ ዓይነ ደረቅ!» አለች አንዷ። አሪፋ ሰማች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተነሥታ፣ «እውነታቸውን ነው! ዓይነ ደረቅ ነሽ!» አለች እናቷን። ዋሲላ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ታዲያ ውሸት ነው? ቃል በቃል እኮ እውነት ነበር!

የለቅሶው ሰው ሲበተን አሪፋ ደሴ ልትመለስ ሻንጣዋን አነሣች። እናቷን ልትሰናበት አልፈለገችም፤ የአባቷን ሽርጥ ብቻ ልትወስድ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። ዋሲላ ሽርጡን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ተኝታለች። ከመስኮቱ የገባው የቀትር ብርሃን ቀጥ ብሎ ባልተከደነው ዓይኗ ውስጥ ይወርዳል። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጠርዙ ቆስሏል፤ ትተነፍሳለች፤ ተኝታለች፤ ዓይኗ ግን ክፍት ነው። በአንድ እጇ የራሷን ቆብ ወደ ታች ልትይዝ ሞክራ፣ እንቅልፍ ሲወስዳት እጇ ጉንጯ ላይ ተንሸራትቶ ቀርቷል።

«የእናትሽን ዓይን ክደኚላት…»

የአሪፋ ሻንጣ ከእጇ ወደቀ። ሕመም አስቀባጠረው ያለችው አባቷ ምን ሲላት እንደነበር አሁን ገባት። አንዲት ቃል በስልክ ተሳስታ ተሰማች፤ ዓይን ጠፋ፣ እንባ ደረቀ፣ ቤት ፈረሰ። ዕጣ ፈንታ እንዲህ ናት እንግዲህ፤ አንዱ በፍቅር የተናገረውን ሌላው በፍቅር አጣምሞ ይሰማዋል፤ እኛም የደረቀ ጉንጭ አይተን የደረቀ ልብ እንፈርዳለን። ስንቶቻችን ይሆን በር ዘግተን ከወጣን በኋላ የሚገባን?

አሪፋ ግን አልወጣችም። እንባዋ እየወረደ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ ሁለት ጣቷን በእናቷ ቆብ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበችው።

«ሰዓድ?» አለች ዋሲላ፣ ከእንቅልፏ ሳትወጣ።

«አሪፋ ነኝ፣ እማዬ» አለች። «አለሁ፤ ይዤልሻለሁ፤ ተኚ።»