የሸቤው ሰማያዊ ስላይድ

ሸኩር በሸቤ ከተማ፣ የግል ክሊኒክ አልጋ ላይ ሞቶ ተጋድሟል። የአስከሬን አጣቢዎቹ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የሙስሊም ቀብር፣ ጀናዛ፣ አይዘገይም። ከጅማ የተጠራችው ኢንስፔክተር አሰገደች ግን የሟቹን ክንድ ዘርግታ ክርኑ መታጠፊያ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ አተኩራ እያየች ነበር።

ሸኩር ቡና ነጋዴ ነው። ጠዋት ትኩሳት ይዞት ገባ፤ ከቀትር በፊት ሞተ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጽዮናዊት ደሙን መርምራ «ወባ የለም» ብላ ነበር። ከሞተ በኋላ ስሙ የተጻፈበት ስላይድ፣ ደም የተቀባበት መስታወት፣ እንደገና ሲታይ ግን ወባ ሞልቶታል።

«ይህቺ ልጅ ናት የገደለችው» አለ ባለክሊኒኩ ዶክተር ኃይለሚካኤል። «እኔ ጠዋት ጅማ ነበርኩ። በትክክል አይታ ቢሆን ሕክምናው ይጀመርለት ነበር።»

«መድኃኒት አልተሰጠውም?»

«ምንም» አለ ነርሱ ሙርሺድ ዓይኑን እየጠረገ። «ጎረቤቴ ነበር። አንድ መርፌ እንኳ ሳላቀምሰው ሄደ።»

የሟቹ ሚስት ሩፈይዳ የሙርሺድ ትከሻ ላይ ተደግፋ ጽዮናዊትን ትረግማለች።

አሰገደች ሰው ሲቸኩል የምትረጋጋ ሴት ናት። የዕለቱን ስላይዶች ሁሉ አስመጥታ ነጭ ወረቀት ላይ ደረደረች። ሁሉም ሮዝ ናቸው። የሸኩር የተባለው ብቻ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጽዮናዊትን ለብቻዋ ጠራቻት። ልጅቷ ወህኒ ቤቱ ከወዲሁ ይታያታል።

«ባንድ ቀለም ተነክረው አንዱ ለብቻው ሰማያዊ የሚሆነው በምንድን ነው?»

«ቀለም ሳይነካው የፎርማሊን፣ የናሙና ማቆያው ኬሚካል፣ ትነት ካገኘው ነው። ለዚህ ነው ላቦራቶሪ የማናስገባው። ቁስል ማሠሪያው ክፍል፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።»

«ያንቺ ስላይዶች የት ይደርቃሉ?»

«እዚሁ፣ ዓይኔ ሥር።»

«ዛሬ ወባ የተገኘበት ሰው አለ?»

«አንዲት ሕፃን ብቻ። ያችውልዎት፣ እናቷ ዘይቡ አቅፋታለች።»

አሰገደች ወደ ዘይቡ ሄደች። «የልጅሽ ጣት ስንት ጊዜ ተወጋ?»

«ኤዬ፣ አዎ፣ ሁለቴ። የፊተኛው ተበላሸ ተብሎ ተደገመ።»

ሁሉም ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተሰበሰቡ።

«ይህ ደም ቀለም ከመነካቱ በፊት ፎርማሊን አጠገብ ተደብቆ ደርቋል» አለች አሰገደች። «የጽዮናዊት ቢሆን ከሌሎቹ ጋር ደርቆ ሮዝ ይሆን ነበር። ሌላ ሰው ነው አዘጋጅቶ በሸኩር ስላይድ ቦታ የተካው። ወባውንስ ከየት አመጣው? ከዚህች ሕፃን። ዘይቡ፣ ሁለተኛ የወጋት ማን ነው?»

ዘይቡ በአገጯ ወደ ሙርሺድ አመለከተች።

«ሙርሺድ፣ መርፌ አልቀመሰም አልከኝ። ለወባ ምርመራ ደም የሚወሰደው ከጣት ነው፤ የሸኩር ክንድ ላይ ግን የመርፌ ቀዳዳ አለ። ምን ወጋኸው?»

ሙርሺድ መሬት መሬት አየ። «ኩዊኒን፣ የወባውን መርፌ። 'ቡናው ተጭኖ መኪና ቆሞልኛል፣ ወባ ነው፣ ውጋኝና ልሂድ' አለኝ። በዚህ ወቅት እዚህ አገር ትኩሳት ሌላ ምን ይሆናል ብዬ ውጤቱን አልጠበቅኩም። በግሉኮስ ቀስ እያለ የሚገባውን ባንዴ ደም ሥሩ ውስጥ ገፋሁት። ወላሂ፣ የሚድን መስሎኝ ነው።»

«ልቡን አቆምከው» አለ ዶክተሩ ድምፁ ወርዶ።

«እስከዚያ ድረስ ስህተት ነው» አለች አሰገደች። «ይህችን ልጅ ለእስር ልትዳርጋት የሞከርከው ግን እያወቅህ ነው።»

ሩፈይዳ ተነስታ ጽዮናዊት እግር ሥር ጎንበስ አለች። «አፉ በዪኝ፣ ልጄ። ስረግምሽ 'ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ' እያለ ያጽናናኝ እሱ ነበር።» ጽዮናዊት ደግፋ አነሳቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ።

አስከሬኑን ለምርመራ ወደ ጅማ የሚወስድ ቃሬዛ መጣ። ሙርሺድ እንደ ጎረቤት ወጉ ብድግ ብሎ አንዱን ጫፍ ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«አንተ አትንካው» አለች ሩፈይዳ።